የሕዝብ የጤና መድን ለእምነት ፈውስ ይክፈልን?

ከአሜሪካ የሜዲኬር ሕግ ታሪክ ተነሥቶ የተደረገ አጭር ጥናት

፩. መግቢያ

ሰው ሲታመም ከጥንት ጀምሮ ሁለት መጠጊያ አለው፤ አንደኛው የሐኪም እጅ ነው፤ ሁለተኛውም ጸሎት ነው። በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ሁለቱን ሳይለያይ ሲጠቀምባቸው ኖሯል። በቅርብ ዘመን ግን በሕመምተኛውና በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሌላ ሦስተኛ ወገን ገብቷል፤ እርሱም ከጤነኛው ገንዘብ እየሰበሰበ የታመመውን የሚያሳክም የሕዝብ የጤና መድን ነው። ይህ ወገን ከገባ ወዲህ አባቶቻችን ሊያነሡት ያልቻሉት ጥያቄ ተነሥቷል። ለሐኪም የሚከፈለው የጋራ ገንዘብ፣ ሕመምተኛው ሐኪሙን ትቶ ጸሎትን ቢመርጥ፣ ለዚያም ሊከፈል ይገባዋልን?

ይህ ጥያቄ በክርክር ማኅበር ብቻ የሚነሣ የሐሳብ ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ ከ1965 ጀምሮ በሕግ ተጽፎ፣ በፍርድ ቤት ፈርሶ፣ እንደገና በሌላ ቃል ተጽፎ ዛሬም የሚሠራበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ አነስተኛ ጥናታችን አስቀድመን የአሜሪካውን ታሪክ በየዓመቱ ተከትለን እንናገራለን፤ ቀጥሎም ከታሪኩ ምን ፍርድ እንደሚገኝ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ወደ አገራችን እንመለሳለን። ወደ አገራችን መመለሳችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኛም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለን ሕዝብ ሆነናልና። የውጭ አገሩን ታሪክ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ «ዓ.ም.» ብለን የጻፍነው ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ከነገሩ ጋር በመጀመሪያ የተዋወቅነው በመጽሐፍ አይደለም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር ከግቢው ዳር አንድ አነስተኛ ክሊኒክ ነበረ። ጧት ጧት ሕሙማን በአግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ አስቀድሞ ጸሎት ይደረግ ነበር፤ ከጸሎቱም በኋላ ካርድ ይታደላል። ለካርዱ ጥቂት ብር ይከፈላል፤ ለጸሎቱ ግን የከፈለም ያስከፈለም ሰው አላየንም። በዚያን ጊዜ ነገሩ ጥያቄ መስሎ አልታየንም። የአሜሪካንን ሕግ ታሪክ ስናነብ ግን ያ አግዳሚ ወንበር ትዝ አለን።

፪. የክርስቲያን ሳይንስ አነሣሥ

በአሜሪካ ለዚህ ክርክር ምክንያት የሆነችው ክርስቲያን ሳይንስ የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ናት። መሥራቿ ሜሪ ቤከር ኤዲ በ1821 ተወልደው በ1910 ያረፉ ሴት ናቸው። በ1866 በማሳቹሴትስ ክፍለ አገር በሊን ከተማ በበረዶ ላይ ወድቀው ተጐዱ፤ ወንጌልን ሲያነቡ ግን ተፈወስሁ አሉ። በ1875 «ሳይንስና ጤና» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ በ1879ም ቤተ ክርስቲያናቸውን አቋቋሙ። ዋና መሥሪያ ቤቷ በቦስተን ከተማ ነው።

ትምህርታቸው በአጭሩ ሲገለጽ፣ በሽታ እግዚአብሔር የፈጠረው እውነተኛ ነገር ሳይሆን የሰው አሳብ ስሕተት ነው፤ ስለዚህ የሚድነው በመድኃኒት ሳይሆን በጸሎት ነው የሚል ነው። በዚህ ላይ ከሌሎች ክርስቲያኖች በጣም ይለያሉ። ሌሎቹ ለሕመምተኛው እየጸለዩ ሐኪምም ይጠራሉ፤ የክርስቲያን ሳይንስ ትምህርት ግን ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚል ነው።

ለጥናታችን እጅግ የሚጠቅመን በዚህች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ዓይነት አገልጋዮች መኖራቸውን ማወቅ ነው። አንደኛው ለሕመምተኛው የሚጸልየው ፈዋሽ ነው፤ ለዚህም ሥራው ሕመምተኛው ዋጋ ይከፍለዋል። ሁለተኛዋ ነርስ ናት። ይህች ነርስ መድኃኒት አትሰጥም፤ በሽታውንም አትመረምርም። ሥራዋ ሕመምተኛውን ማጠብ፣ መመገብ፣ በአልጋው ላይ ማገላበጥ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ነው። ነርሶቹ የሚሠሩባቸውም ሳናቶርየም የተባሉ የሕሙማን ማረፊያ ቤቶች ተቋቁመው ነበር።

መንግሥትም ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አልነበረም። በ1955 የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በሰጠው ውሳኔ፣ ለክርስቲያን ሳይንስ ፈዋሽ የሚከፈለው ዋጋ እንደ ሕክምና ወጪ ተቈጥሮ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ፈቅዷል፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ ለከፈለው ወጪ ግብር ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሰው መዋጮ አንሥቶ መክፈል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወደዚህ ወደ ሁለተኛው የተደረሰው በ1965 ነው።

፫. የ1965 ሕግ

ጁላይ 30 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በሚሱሪ ክፍለ አገር በኢንዲፔንደንስ ከተማ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በተገኙበት፣ ሜዲኬር የተባለውን የጤና መድን ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ። መድኑ በመጀመሪያ የታሰበው ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ ሰዎች ነው። ለሆስፒታሉ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገኘው ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ ላይ በግዴታ ከሚከፍሉት ግብር ነው።

ግብሩ ግዴታ በመሆኑ የሃይማኖት ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። ሰው በኅሊናው የማይጠቀምበትን ነገር እንዲከፍል ማድረግ ፍትሕ ነውን? የሚገርመው ነገር፣ ያ አንድ ሕግ ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ መልሶች መስጠቱ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ለአሚሽ ገበሬዎች የተሰጠው ነው። እነዚህ ሰዎች ሽማግሌዎቻቸውንና ችግረኞቻቸውን ራሳቸው የሚጦሩ፣ መድንን በሃይማኖታቸው የማይቀበሉ ናቸው። ሕጉም ከመካከላቸው በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩት ከግብሩ ነጻ እንዲሆኑ ፈቀደ። ነገር ግን ከግብሩ ነጻ የወጣ ከጥቅሙም ይወጣል። ማኅበሩም ከ1950 መጨረሻ ጀምሮ ያለማቋረጥ የኖረና አባሎቹን በእርግጥ የሚረዳ መሆን አለበት ተባለ። እንግዲህ የአሚሾቹ መፍትሔ «አንከፍልም፤ አንቀበልም» የሚል ነው።

ሁለተኛው መልስ ለክርስቲያን ሳይንስ የተሰጠው ነው። እነዚህ ከግብሩ አልወጡም፤ እንደ ማንኛውም ዜጋ እየከፈሉ ድርሻቸውን እንዲያገኙ ተደረገ። በሕጉ ውስጥ «ሆስፒታል» የተባለው ምን እንደሆነ በተተረጐመበት ክፍል፣ በቦስተን ያለችው ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው ወይም የምትመሰክርለት ሳናቶርየም እንደ ሆስፒታል እንዲቈጠር ተጻፈ። የነዚህ መፍትሔ «እንከፍላለን፤ እንቀበላለን» የሚል ሆነ።

በዚህ ሕግ ላይ ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛ፣ ሕግ አውጪው ከብዙ ሃይማኖቶች መካከል አንዲቱን በስሟ ጠርቶ፣ የትኛው ቤት ገንዘብ እንደሚገባው የመመስከርን ሥልጣን ሰጣት። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ሳናቶርየሙ ነው እንጂ ወደሚጸልየው ፈዋሽ አልነበረም። የፈዋሹን ዋጋ ሕመምተኛው ከኪሱ መክፈሉን ቀጠለ። ስለዚህ ብዙ ሰው «አሜሪካ ለጸሎት ትከፍላለች» ቢልም፣ በ1965ም ቢሆን ሜዲኬር የከፈለው ለአልጋው፣ ለምግቡና ለነርሷ እጅ ነው።

፬. ክሱና የ1996 ፍርድ

ይህ ሥርዓት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ብዙ ክርክር ቆየ። ክርክሩ የተነሣው ከሽማግሌዎች በኩል ሳይሆን ከሕፃናት በኩል ነው። ሪታ ስዋንና ባለቤታቸው ዳግላስ ስዋን የክርስቲያን ሳይንስ አባሎች ነበሩ። በ1977 የ16 ወር ልጃቸው በማጅራት ገትር ታመመ። ወላጆቹ በጸሎት ፈዋሾች ተማምነው ቆዩ፤ በመጨረሻ ወደ ሆስፒታል ቢወስዱትም ጊዜው አልፎ ነበርና ልጁ ሞተ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱን ትተው፣ በ1983 ሕፃናት በሃይማኖት ምክንያት ሕክምና እንዳይከለከሉ የሚከራከር ማኅበር አቋቋሙ።

የጉዳዩን ክብደት ለማሳየት አንድ ጥናት መጥቀስ ይበቃል። በ1998 ዶክተር ሴት አሰርና ሪታ ስዋን ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1975 እስከ 1995 ድረስ በአሜሪካ በሃይማኖት ምክንያት ሕክምና ተከልክለው የሞቱ 172 ሕፃናት ተመርምረዋል። ከነዚህ ውስጥ 140ዎቹ የያዛቸው በሽታ፣ በሐኪም ቢታይ ኖሮ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት የሚድኑበት ነበር። ሁሉም የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ልጆች እንዳልሆኑ፣ ከልዩ ልዩ ማኅበሮች የመጡ መሆናቸውን መናገር ተገቢ ነው።

ሜዲኬር የሽማግሌዎች መድን ከሆነ የሕፃናት ሞት ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ እንደሚመስለን ግንኙነቱ ይህ ነው። መንግሥት ለአንድ ነገር ሲከፍል ገንዘብ ብቻ አይሰጥም፤ ማኅተሙንም ይሰጣል። በሆስፒታል ስም የሚከፈልለት ቤት በሕዝብ ዓይን እንደ ሆስፒታል ይታያል። ልጇ የታመመባት እናትም በሁለቱ መካከል ስትመርጥ፣ መንግሥት እኩል ያደረጋቸውን እኩል ናቸው ብታስብ ልንፈርድባት አንችልም።

ማኅበሩ ክሱን ያቀረበው በሚኒሶታ ለሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱም በ1996፣ ሕጉ አንዲቱን ሃይማኖት በስሟ ለይቶ ስለ ጠቀመ ሃይማኖትን ማቋቋም የሚከለክለውን የሕገ መንግሥት ቃል ይጥሳል ሲል ፈረደ። ስለዚህ የ1965 ቃል ፈረሰ።

፭. የ1997 ሕግና የኋለኛው ፍርድ

ኮንግሬሱ ግን ነገሩን በዚያ አልተወውም። ኦገስት 5 ቀን 1997 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በፈረሙት የበጀት ሕግ ውስጥ የክርስቲያን ሳይንስ ስም ወጥቶ፣ በምትኩ «ሕክምና የማይሰጥ የሃይማኖት የጤና ተቋም» የሚል ጠቅላላ ስም ገባ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሃይማኖት የተጻፈውን ሁኔታ ካሟላ ሊጠቀም ይችላል። በሥራ ላይ ግን በአብዛኛው የተጠቀሙበት እነዚያው የክርስቲያን ሳይንስ ቤቶች ናቸው።

የተጻፉትን ሁኔታዎች ስንመለከት ሕጉ ምን ያህል እንደ ተጠነቀቀ እንረዳለን። ተቋሙ ለትርፍ የማይሠራ መሆን አለበት። ሌሊትና ቀን የነርስ አገልግሎት መስጠት አለበት። ሕመምተኛውም በሽታው ሆስፒታል ወይም የነርስ መጦሪያ ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ መድኑ የሚከፍልለት ዓይነት መሆን አለበት። ከዚህም በላይ፣ ሕክምና መቀበል ከእውነተኛ እምነቱ ጋር እንደማይስማማ በጽሑፍ ፈርሞ ማስታወቅ አለበት። ሐሳቡን ለውጦ በፈቃዱ ወደ ሐኪም ቢሄድ ፊርማው ይሻራል፤ ሁለት ጊዜ ከሻረ በኋላ እንደገና ለመፈረም አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ከዚያም በኋላ ቢሽር አምስት ዓመት ይጠብቃል። ጠቅላላ ወጪውም ልክ ተበጅቶለታል፤ መነሻው ለ1998 የበጀት ዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ሜዲኬር የሚከፍለው ለመኝታ፣ ለምግብ፣ መድኃኒት ለሌለው የቁስል መሸፈኛና ይህን ለመሰለው ነገር ነው። ለአገልግሎቱ ሃይማኖታዊ ክፍል ግን አይከፍልም። ማኅበሩ ይህንንም ሕግ ከሰሰ፤ ነገር ግን በ2000 የስምንተኛው ቀጠና የይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ሕጉ ይጽና ብሎ ፈረደ። በ2001ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ባለመፍቀዱ ነገሩ በዚሁ ጸና።

ከዚህ በኋላ አንድ ሙከራ ደግሞ ተደርጓል። በ2009 አዲሱ የጤና መድን ሕግ ሲረቀቅ፣ የመድን ድርጅቶች ለመንፈሳዊ ፈውስ መክፈልን እንዳይከለክሉ የሚል ቃል እንዲገባ ተሞክሮ፣ እንደ ጆን ኬሪና ኦሪን ሃች ያሉ ሴናተሮች ከሁለቱም ፓርቲ ደግፈውት ነበር። ይህ ቢሆን ኖሮ ክፍያው ከአልጋው አልፎ ወደ ጸሎቱ ይደርስ ነበር። በ2010 በጸደቀው ሕግ ውስጥ ግን ያ ቃል አልገባም።

፮. ከታሪኩ የሚገኘው ፍርድ

የዚህን ታሪክ ፍሬ ነገር በአንድ ቃል ብንናገር፣ ለእምነት ፈውስ እከፍላለሁ ብሎ የተነሣው ሕግ በፍርድ ቤት ፊት ሊቆም የቻለው ለጸሎቱ እንደማይከፍል ግልጽ ባደረገ ጊዜ ነው። ለጸሎት መክፈልን የሚደግፉት ወገኖች የሚያቀርቧቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ምክንያት የፍትሕ ነው፤ «ከከፈልሁ ልቀበል ይገባኛል» የሚል ነው። ይህን በቀላሉ ልንንቀው አይገባም። ይሁን እንጂ መድን ዕቁብ አይደለም። በዕቁብ ሁሉም ተራው ሲደርስ የጣለውን ያገኛል። መድን ግን እንደ ዕድር ነው፤ ሐዘን ያልደረሰበት ሰው የከፈለውን መልሱልኝ አይልም፤ ዕድሩም የሚሰጠው አስቀድሞ በመተዳደሪያ ደንቡ የተስማሙበትን ነገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «ጸሎት ከሆስፒታል ይረክሳል» የሚል ነው። ዋጋው ማነሱን እናምናለን። ነገር ግን መድን የተቋቋመው ርካሹን ለመግዛት ሳይሆን የሚያድነውን ለመግዛት ነው። የሚያድን መሆኑም በአንድ ሰው ምስክርነት ሳይሆን በብዙዎች ላይ በሚታይ ውጤት ይመዘናል። ጸሎትን በዚህ ሚዛን ለማስቀመጥ የተሞከረበት ጊዜ አለ። በ2006 የወጣው የዶክተር ኸርበርት ቤንሰንና የጓደኞቻቸው ጥናት፣ በስድስት ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 1,802 ሕሙማን የተከታተለ ነው። በማያውቋቸው ሰዎች የተጸለየላቸውና ያልተጸለየላቸው ልዩነት አልታየባቸውም፤ ከመቶ 52ቱና 51ዱ በኋላ ችግር ደርሶባቸዋል። እንደሚጸለይላቸው በእርግጥ የተነገራቸው ግን ከመቶ 59ኙ ችግር ደርሶባቸዋል። በዚህ ጥናት እግዚአብሔር የለም ወይም ጸሎት ከንቱ ነው ልንል አንችልም፤ አማኝ ሰው እግዚአብሔር በሠንጠረዥ አይፈተንም ቢል ንግግሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በሠንጠረዥ የማይፈተን ነገር በሠንጠረዥ ዋጋ ተተምኖ ሊከፈልበትም አይችልም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

ሦስተኛው ምክንያት የኅሊና ነጻነት ነው። አዋቂ ሰው ሐኪም አልፈልግም ቢል መብቱ ነው፤ በዚህ እንስማማለን። የ1997 ሕግ መልካም ጐኑ ሐኪም ያልፈለገውን ሽማግሌ ሳይታጠብና ሳይበላ እንዳይተኛ ማድረጉ ነው። ሰውን በእምነቱ ምክንያት ለረኀብና ለእድፍ መተው የመንግሥት ሥራ አይደለም። ነገር ግን ይህ ነጻነት የራሱ የሰውየው ነው፤ ስለ ራሱ መናገር ለማይችለው ልጁ ሊያወርሰው አይችልም።

በዚህ ላይ ደግሞ ሕጉ አንድ ጐጂ ነገር እንዳለው መናገር አለብን። ጥቅሙን ለማግኘት ሰው «ሕክምና አልቀበልም» ብሎ መፈረም አለበት። ይህም ማለት፣ ያመነታ ወይም ሁለቱን አብሮ የፈለገ ሰው ከጥቅሙ ይወጣል። በእምነትና በሕክምና መካከል ግንብ የቆመው በመጀመሪያ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር፤ የመንግሥት ገንዘብ ግን ያን ግንብ በሕግ አጠነከረው።

፯. ወደ አገራችን ስንመለስ

አሁን ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በአገራችን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ የጤና መድን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባወራውና እማወራዋ በየዓመቱ ያዋጣሉ፤ ችግረኛውም በድጎማ ይገባል። ካርዱ የሚያገለግለው ውል ባላቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ነው። ይህን መዋጮ ከሚከፍለው ሕዝብ ውስጥ ደግሞ ብዙው ሲታመም ጠበል የሚጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግ፣ ወይም በጸሎት ቤት እጅ የሚጫንለት ነው። ስለዚህ በአሜሪካ የተነሣው ጥያቄ ነገ በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ «እኔ የምድነው በጠበል ነው፤ መዋጮዬ ለምን ለጠበሉ አይውልም?» በሚል ቃል ቢነሣ ሊያስደንቀን አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። መድኑ ለፈውስ ጸሎት ይክፈል ቢባል፣ የትኛው ጠበል፣ የየትኛው ሼህ ዱዓ፣ የየትኛው ፓስተር ጸሎት እንደሚከፈልበት መዝግቦ የሚለይ ሹም ያስፈልጋል። ይህ ሹም አንዱን ሲቀበል ሌላውን ሊጥል ነው፤ ለሁሉም እሺ ካለ ደግሞ የመድኑ ሣጥን ለአስመሳይ ሁሉ ክፍት ይሆናል። በ1965 የአሜሪካ ኮንግሬስ ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሥልጣን ሰጥቶ የደረሰበትን አይተናል።

ከዚህም በላይ፣ ክፍያው ለጠበሉ ራሱ የሚበጅ አይመስለንም። በባህላችን ጠበል አይሸጥም። የዳነ ሰው ስለት ያገባል፤ ስለቱም ከፈውሱ በኋላ፣ በራሱ ፈቃድ፣ እንደ አቅሙ የሚሰጥ ምስጋና ነው፤ ጃንጥላም ይሁን ጧፍ ወይም በግ። መድን ግን ሰው ዳነ አልዳነ፣ በተወሰነ ተመን፣ በደረሰኝ ይከፍላል። ስለትን ወደ ደረሰኝ የለወጠ ሰው ምስጋናውን ከውስጡ አውጥቶታል። አጥማቂውም በቀን የስንት ሰው ሒሳብ እንዳቀረበ በኦዲተር የሚጠየቅ ከሆነ፣ አጥማቂነቱ ቀርቶ ሠራተኛ ይሆናል።

ነገር ግን «አይከፈልም» ብሎ በሩን መዝጋት ብቻ መልስ አይሆንም። የአገራችን እምነት ከክርስቲያን ሳይንስ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል፤ ሕክምናን አይክድም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ጸሎትንም ሐኪምን ማክበርንም አንድ ላይ ያስተምራል። በጥር 1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል በጀመረ ጊዜ፣ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ከነበሩት ሕሙማን መካከል መድኃኒቱን ያልተቀበሉ ወይም የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ግን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። በአሜሪካ በሕግና በፍርድ ቤት ሊፈታ ያልቻለው ነገር እዚህ በአባት ምክር ትልቅ እርምጃ ሄደ።

በሰፈራችን የነበሩ አንዲት እናት ነገሩን በቅርብ አሳይተውናል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመውሰድ ላይ ሳሉ ሱባኤ ለመግባት ሩቅ ወዳለ ጠበል ሄዱ። መድኃኒቱን ያቋረጡት ሰው አቁሚ ብሏቸው አይደለም። ክኒኑን የሚያገኙት በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ነበር፤ በጠበሉ አካባቢ ግን የት እንደሚያገኙት የነገራቸው የለም። ከሁለት ወር በኋላ ብሶባቸው ተመለሱ፤ ሕክምናውንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። «ጠበሉስ ጠቅሞኛል ልጆቼ፤ የጐዳኝ ክኒኑ መቅረቱ ነው» ብለው ሲነግሩን ሰማን። እኚህ እናት ለጠበሉ የሚከፍልላቸው መድን አላስፈለጋቸውም። ያስፈለጋቸው ወደ ጠበሉ ሲሄዱ አብሯቸው የሚሄድ ሕክምና ነበር።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተናገርነው ተነሥተን ሐሳባችንን እንደሚከተለው እናጠቃልላለን።

አንደኛ፣ የሕዝብ የጤና መድን ለጸሎት፣ ለጠበል፣ ለዱዓ ወይም እጅ ለመጫን ዋጋ መክፈል አይገባውም። መንግሥት ሊመዝነው የማይችለውን ሊተምነው አይችልም፤ ቢተምነውም ሃይማኖትን ይጐዳል እንጂ አይጠቅመውም።

ሁለተኛ፣ ሰው በእምነቱ ምክንያት ከጋራው መዋጮ ጥቅም ሊወጣ አይገባውም። በጠበል ቦታ የሰነበተ ሕመምተኛ የመድን ካርዱ በዚያው አካባቢ ባለው ጤና ጣቢያ እንዲሠራለት፣ ብዙ ሕሙማን በሚሰበሰቡባቸው ጠበሎችም አጠገብ የጤና ሠራተኛ እንዲመደብ ማድረግ ይቻላል። ይህ ለሃይማኖት መክፈል አይደለም፤ ሕመምተኛውን ባለበት ማከም ነው።

ሦስተኛ፣ ከአሜሪካ ሕግ የማንወስደው ነገር ሕመምተኛው ከሁለቱ አንዱን መርጦ እንዲፈርም ማስገደዱን ነው። የእኛ ሰው ሁለቱን አብሮ ይዞ ኖሯል። ያን የሚለያይ ሕግ ከሚወጣ፣ ያን የሚያስተባብር ምክር ከአባቶችም ከሐኪሞችም ቢሰጥ ይሻላል።

ስለዚህ በርእሳችን ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን፣ ለጸሎቱ አይከፈል፤ የሚጸልየው ሰው ግን ከመድኑ አይውጣ የሚል ነው። በሚሲዮኑ ክሊኒክ በአግዳሚው ወንበር ላይ ያየነውም ይኸው ነበር፤ ጸሎቱ በነጻ፣ ካርዱ በዋጋ፣ ሁለቱም ለአንድ ሕመምተኛ። ጥናታችን የጐደለው ነገር እንደሚኖረው እናውቃለን፤ በተለይ በየጠበሉ ያሉት ሕሙማን ምን ያህሉ መድኃኒታቸውን ይዘው እንደሚሄዱ ቢቈጠር ለዚህ ክርክር ብዙ ብርሃን ይሰጥ ነበር። ይህን ሥራ ከጓደኞቻችን አንዱ በሚቀጥለው የክረምት ዕረፍት ቢጀምረው፣ መምህራኖቻችንም ቢመሩት፣ ይህ ጽሑፍ የተደከመበትን ዋጋ አገኘ እንላለን።